የቦንቱ ገንዳ

የሐይቁ ዛጎል እጭ ዓሣ በሚተነፍስበት ስንጥብ ላይ ተጣብቆ ያድጋል። የዓሣ ጣቢያው ኃላፊ ለአንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅና ቦንቱ ለምትባል ልጅ የየራሳቸውን ገንዳ ሰጥቶ “ከሁለታችሁ ትንንሽ ዛጎል ያፈራ ይቀጠራል” አላቸው። የሽማግሌው ዓሣዎች ስንጥብ ባዶ ሆኖ ሲቀር፣ የቦንቱ ግን በእጭ ተሞላ።

ሠላሳ ዓመት ዓሣ ያጠመደ ሰው ትናንት በመጣች ልጅ ሲበለጥ አንጀቱ አረረ። ምሳ እስክትወጣ ጠብቆ ዓሣዎቿን በመረብ እየጨለፈ ሁሉንም ወደ ራሱ ገንዳ ገለበጠ።

ቦንቱ ስትመለስ ባዶውን ገንዳ አይታ ሳቀች።

“አባባ፣ እጅጌዎ ርሷል፤ እርስዎ ነዎት እንዴ ዓሣውን ያወጡልኝ? ተባረኩ! እጮቹ እኮ አድገው ጠዋት ከዓሣው ላይ ረግፈዋል። ዓሣው እንዳይለቅማቸው ብቻዬን እንዴት እንደማወጣው ጨንቆኝ ነበር።”

ከገንዳው ወለል አንድ ጭብጥ አሸዋ ዘግና አሳየችው። ከጤፍ ያነሱ ዛጎሎች መዳፏ ላይ አብለጨለጩ።