ባዶ ሊፍት

ባዶውን ሊፍት ከሁለቱ እኩል ወደ ላይ አወጣዋለሁ።

እነሱ በደረጃው ናቸው። የዚህ አሮጌ ሕንፃ ደረጃ በሊፍቱ ዙሪያ እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው፤ በብረት ፍርግርጉ በኩል አላፊ አግዳሚው ይታየኛል። መጀመሪያ የሚታየኝ ጫማ ነው። የሷ ጠፍጣፋ ጥቁር ጫማ። ከጎኑ የዚያ ሽቦ የሚሉት ልጅ ጫማ፣ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ።

ሽቦ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነው። ቅጥነቱን አይተው ያወጡለት ስም ነው። እሷ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ናት። የሁለቱም ቢሮ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ያደረስኳት እኔ ነኝ። ቁልፉን እጫናለሁ፤ እሷ ከቦርሳዋ ብስኩት አውጥታ ለሁለት ትከፍላለች። አምስተኛ እስክንደርስ የልጇን፣ የአለቃዋን፣ የጎረቤቷን ወሬ እሰማለሁ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ሌላ የሚያወራኝ ሰው የለም። "ደህና አደሩ" እና "ሦስተኛ ፎቅ" ወሬ አይደለም።

ከዚያ ሐኪሙ ስኳር ሊጀምርሽ ነው፣ ክብደት ቀንሺ አላት። ብስኩቱ ቀረ።

"ባንዴ አምስቱን ፎቅ ብወጣ በሳምንቱ እተወዋለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ ጋሼ" አለችኝ። በመጀመሪያው ወር አንድ ፎቅ በእግሯ ወጥታ ከዚያ ደወል ተጫነች። ሄጄ ወሰድኳት። በሁለተኛው ወር ሁለት። በሦስተኛው ሦስት። እሷ እየቀነሰች ስትሄድ የኔም ወሬ አብሮ ቀነሰ። ባለፈው ወር ከአራተኛ እስከ አምስተኛ ብቻ ነበር የምንጓዘው። "እንዴት አደሩ" ብላ ሳትጨርስ እንደርሳለን።

ዛሬ አዲስ ወር ገብቷል። አምስተኛውንም በእግሯ ልትወጣ ነው።

አንደኛ ፎቅ ላይ አቆማለሁ። ድምፅዋ ይደርሰኛል።

"አንተ፣ ቀስ በል እንጂ! የሚያባርርህ አለ?"

እሱን አንተ ትለዋለች። እኔን እርስዎ።

ሁለተኛ ላይ ደግሜ አቆማለሁ። ሽቦ በፍርግርጉ አጮልቆ ያየኛል።

"ጋሼ፣ ዛሬ ምን ጭነው ነው በየፎቁ የሚያራግፉት?"

"ሥራዬን ነው የምሠራው።"

"ባዶ እኮ ነው!"

"አንተን ምን አገባህ?"

"ደንበኛዎን ነጠቅኩዎት አይደል፤ ቢቆጡም አይፈረድብዎትም።"

እሷ ትስቃለች። እየወጣች ትስቃለች፤ ድሮ መናገር እንኳ ያቅታት ነበር። ቀሚሷ ወገቧ ላይ ሰፍቷት በመርፌ ቁልፍ አጥብቃዋለች። ማን እንዲያይላት ነው፣ እላለሁ በልቤ። ክፉ ሐሳብ ነው። አላባርረውም።

አራተኛ ላይ ቀድሜያት እደርሳለሁ። የብረቱን በር ወለል አድርጌ ከፍቼ እቆማለሁ። እሱ ካልተዘጋ ሊፍቱ ከቦታው አይነቃነቅም። እሷ ላቧን በመሐረብ እየጠረገች ትደርሳለች። ጉንጯ ቀልቷል፣ ዓይኗ ያበራል። እንዲህ አምሮባት አይቻት አላውቅም።

"ፊትሽ አመድ መስሏል" እላታለሁ።

"እ?"

"ከንፈርሽም ደርቋል። ራስሽን ግደይ አለሽ እንዴ ሐኪሙ? ለአንድ ፎቅ ብለሽ ልጅሽን ሜዳ ላይ እንዳትጥያት። ግቢ።"

እጇ ወደ ደረቷ ይሄዳል። መፍራቷን አያለሁ፤ ደስ ይለኛል። አንድ እግሯን ሊፍቱ ውስጥ ታስገባለች።

ከዚያ ወደ ደረጃው ቀና ትላለች። እኔም አያለሁ። ሽቦ የለም። ከላይ ፉጨቱ ብቻ ይሰማል።

"ጥሎሽ ሄደ?"

"ሁልጊዜ ነው ጥሎኝ የሚሄደው። መሐል ላይ ትንፋሼን ልሰብስብ ስል ይሰለቸዋል። ሽቦ እኮ ሰው አይጠብቅም።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ?"

"ብቻዬን ነዋ" ትላለች፣ እንደዋዛ። "ደወሉ ጋ ደርሼ እርስዎን እስክጠራ።"

እኔ ታች ሆኜ ሳቃቸውን ስሰማ እስከ ላይ ድረስ አብረው የሚሄዱ ይመስለኝ ነበር። ስንት ጠዋት በዚህ ስቃጠል ኖሬያለሁ። እግሯ አሁንም ሊፍቱ ውስጥ ነው። በሩን ብዘጋው እንደ ድሮው አብራኝ ትወጣለች።

"ዋሽቼሽ ነው" እላለሁ። "ፊትሽ ደህና ነው።"

ለምን አትለኝም። እግሯን መልሳ ታወጣለች።

"ነፍሴን አወጧት እኮ!"

ትዞርና ደረጃውን ትጀምራለች። እኔም እወጣለሁ። በሩን ክፍቱን ትቼው እከተላታለሁ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ጉልበቴ ይንቋቋል። ሰባተኛው ላይ ትንፋሼ ያጥረኛል። ከታች ደወል ይጮሃል፤ አንዴ፣ ከዚያ ሁለቴ፣ ከዚያ ሳያቋርጥ።

"አለቃዬ ይሆናል" ትላለች ሳትዞር። "ተዉት፣ እሱም ሆዱን ይቀንስ።"

መታጠፊያውን ትንሽ አለፍ እንዳልኩ የብረቱን ድጋፍ ይዤ እቆማለሁ። ከዚህ በላይ እግሬ እሺ አይለኝም። ወደ ታች ሳይ የሊፍቱ ጣሪያ ይታየኛል። ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጥኩበት ሳጥን ነው፤ ጣሪያውን አይቼው አላውቅም። አቧራ፣ የከረሜላ ወረቀት፣ አንድ የሕፃን ካልሲ።

ቀና እላለሁ። አራት ደረጃ ከፊቴ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ቆማለች።