ማይኩ እምቢ ያለው ስንኝ

በዚያ ዘመን የትምህርት ቤት ማይክሮፎን ሁሉ ተናጋሪው የማያምንበትን ቃል አያሰማም ነበር። የአሥራ አንደኛ ክፍሏ ምንትዋብ ከጓደኞቿ ጋር ለሥነ ዜጋ ፕሮጀክት የምታቀርበውን ራፕ ከትምህርት ቤት በተዋሰችው ማይክ እቤቷ ጓዳ ውስጥ ስትለማመድ፣ ድምፅ ማጉያው አንድ ስንኝ ላይ ዝም አለ፤

«ቤታችን ሰላም ነው፣ አባባ መከታ።»

«ባትሪው አልቆ ይሆናል» አለች እናቷ የዝና፣ ሳህኖቹ እንዳይንኳኩ በየመካከላቸው ጨርቅ እያስገባች። አባትየው ሳሎን ተኝቷል።

«አላለቀም፣ እማዬ። እስቲ አንቺ በይው።»

የዝና አፏን ወደ ማይኩ አስጠግታ ስንኙን አለችው። አሁንም ጭጭ።

«በቃ ዝለይው፣ ልጄ።»

«አንድ ስንኝ ከጎደለ ቡድኑ በሙሉ ይወድቃል። እውነቱን እንዳልል ደግሞ ነገ አባባ ፊት ለፊቴ ነው የሚቀመጠው።»

ከሳሎን ሳል ሲሰማ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ።

በማግስቱ መድረክ ላይ፣ ያ ስንኝ ሲደርስ ምንትዋብ አባቷን አየችው፤ ከዚያም ከአጠገቡ የተቀመጠችውን እናቷን። የዝና ቀስ ብላ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀችላት።

«አባባ ሲገባ፣ ይቆማል ጨዋታ!»

ድምፅ ማጉያው ቃሏን እስከ ግቢው በር አደረሰው። እናትና ልጅ ያን ቀን ወደ ቤታቸው አልተመለሱም።