የቅዳሜዋ ሴት

ጸጋው ካሜራ የገዛው ጥቅምት ላይ ነው። በከተማው የውኃ መሥሪያ ቤት ከቧንቧና ከቆጣሪ በቀር ሌላ ነገር ሲነካ ታይቶ የማያውቅ ሰው፣ በድንገት ደብረ ማርቆስን በፎቶ ካላስቀረሁ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጫማውን ወልውሎ፣ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይወጣል።

ሚስቱ እቴናት መጀመሪያ ላይ አልከፋትም። ክረምት ላይ ጭቃ አዳልጧት እግሯ ከተሰበረ ወዲህ ቤቱ ድብርት ተጭኖት ነበር። ጀሶው ተፈቷል፤ አጥንቱም ገጥሟል ተብሏል። እሷ ግን ከአልጋ ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ አልጋ ከማለት አላለፈችም። ከሆስፒታል መራመድ የምታለማምድሽ ባለሙያ ቤት ድረስ ትምጣ ቢሏት፣ ደጄን እንዳትረግጥ ብላ ላከች። ጸጋው ለመናት፣ ቀጥሎ ተቆጣት፣ በኋላ ዝም አለ። ዝምታውን እንደ መሰልቸት ቆጠረችው።

አንድ ቅዳሜ ጸጋው ሽቶ ተቀብቶ ወጣ።

ሕንፃ ለማንሣት ሽቶ ምን ያደርጋል? እቴናት በረንዳው ላይ ተቀምጣ ይህንኑ ስታወጣ ስታወርድ ቆየች። የግቢውን በር እንኳ ሳይዘጋው ነው የሄደው። ግድግዳውን ይዛ ተነሣች፤ እንደ ምንም በሩ ጋ ደርሳ አጮለቀች። ጸጋው መንገዱ ጥግ ላይ ቆሞ በስልክ እያወራ ይስቃል። እሷ ከተሰበረች ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም።

ተመልሶ ገላውን ሲታጠብ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። የደዋዩ ስም «ሂዊ» ይላል።

ማን እንደሆነች አልጠየቀችውም። ብትጠይቀው ይዋሻል፤ ሲዋሽ ደግሞ እሷ ታለቅሳለች። ማልቀስ አልፈለገችም፤ እጅ ከፍንጅ መያዝ ነው የፈለገችው።

ሂዊን ግን ሌት ተቀን ታያት ጀመር። ወጣት ናት። ቀጭን ናት። ከሁሉ ከሁሉ እግሯን ነበር አሳምራ የምትስለው፤ ቀጥ ያለ፣ ምንም ያልነካው፣ አስፋልቱ ላይ ቋ ቋ እያለ የሚሄድ እግር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እስከ ዘሪቱ ሱቅ ተከተለችው። ጎረቤቷ ዘሪቱ ደጇ ላይ በርጩማ አውጥታ ስለነበር አረፍ አለች። ባልሽ በዚህ አለፈ አለቻት ዘሪቱ፣ ሳትጠየቅ። ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራል፤ ወደ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው የሄደው አለቻት። እቴናት በርጩማው ላይ ብዙ አልቆየችም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከኋላው ናት። የማርቆስን ቅጽር አነሣ፤ እሷ አጥሩን ተደግፋ አየችው። አደባባዩን፣ አሮጌዎቹን ባለ ሰገነት ቤቶች፣ የገበያውን ግርግር አነሣ። ለአንዲት የመብራት ምሰሶ እንኳ ቆሞ ረጅም ጊዜ ያጠፋል። ድንገት ወደ እሷ ሲዞር ከባጃጅ ኋላ ወይም ከጋቢ ሻጮች መሐል ትሸጎጣለች። ላብ በጀርባዋ ይወርዳል፤ እግሯ ይጠዘጥዛታል፤ ግን ያቺን ሴት ሳታይ አትመለስም። ሴትዮዋ ደግሞ አንድም ቀን አልታየችም።

ያነሣኸውን አሳየኝ ስትለው ገና ነው፣ ሲያልቅ ታያለሽ ይላታል።

አንድ ቅዳሜ እስከ ከተማው ዳር ድልድይ ተከተለችው። እዚያ ድካም አሸነፋትና በባጃጅ ተመለሰች። ጸጋው ከእሷ በኋላ ገባና ጓሮ ሆኖ ስልክ ደወለ። በመስኮቱ ድምፁን ሰማች።

«ዛሬ እስከ ድልድዩ መጣች» ይላል። «አዎ፣ ብቻዋን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ውሰታ ወንዝ አወርዳታለሁ።»

ያቺ ሴት ድልድዩ ድረስ የመጣችው እቴናት ከተመለሰች በኋላ ነው ማለት ነው። ትንሽ ብትታገሥ ኖሮ ሁለቱንም ድልድዩ ላይ ታገኛቸው ነበር። ይባስ ብሎ ለጓደኛው ይመካል!

ሳምንቱን ሙሉ አላነጋገረችውም። ቅዳሜ እሱ እንደወጣ ነጭ ቀሚሷን ለበሰች፤ ተቀናቃኟ ፊት ተጎሳቁላ መቆም አልፈለገችም። ዘሪቱ አረፍ በይ ብትላት አልሰማቻትም። ድልድዩን አለፈች። ባህር ዛፍ ለባህር ዛፍ ወደ ውሰታ ወንዝ የሚወስደውን ቁልቁለት ያዘች። የምትለውን ሁሉ በልቧ ደርድራለች፤ በመጀመሪያ ለእሱ፣ ቀጥሎ ለእሷ።

ታች ልብስ አጣቢዎች ጥቁር ድንጋይ ላይ ቀሚሳቸውን ዘርግተዋል። ጸጋው ከወንዙ ዳር ቆሞ ካሜራውን ወደ ዳገቱ አቅንቷል። አጠገቡ አንዲት ቀጭን ወጣት አለች።

«ሂዊ የምትባይው አንቺ ነሽ?» አለች እቴናት።

«አዎ፣ ነኝ» አለች ልጅቱ። አላፈረችም። ዓይኗም ከእቴናት እግር አልተነሣም።

እቴናት የደረደረችውን ልትጀምር ወደ ባሏ ዞረች። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ጥፋተኛ መሆኑን በዚያ አረጋገጠች።

«ያነሣሃትን ሴት አሳየኝ» አለችው።

ጸጋው ማሰሪያውን ከአንገቱ አውልቆ ካሜራውን ሰጣት። እቴናት ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳለፈች። አጥር ይዛ የጎበጠች ሴት። ባጃጅ ተደግፋ የምታለከልክ ሴት። ገበያ መሐል ቀና ብላ የምትራመድ ሴት። በመጨረሻው ፎቶ ላይ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ምንም ሳትደገፍ የውሰታን ቁልቁለት እየወረደች ነው።

«ደጄን እንዳትረግጥ ያሉኝ የሆስፒታሏ ባለሙያ እኔ ነኝ» አለች ሂዊ። «እትዬ እቴናት፣ ይህን ሁሉ መንገድ በእግርዎ መጡ?»