አዲሱ ፕሮሰሰር እስኪወጣ

ጡረታ የወጣው ቀያሽ ሠላሳ አንድ የመስክ ደብተሮች ነበሩት። በእግሩ እየዞረ የለካው የአንድ ወንዝ ሸለቆ በሙሉ እነሱ ውስጥ ነው። አሥራ ዘጠኙን ወደ ኮምፒውተር አስገብቷል። ሁሉንም አንድ ካርታ አድርጎ ግርጌው ላይ ስሙን መጻፍ ይፈልጋል። ከዚህ ዓለም ሌላ የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

ኮምፒውተሩ ግን አርጅቷል። ካርታው እስኪከፈትለት ጢሙን ተላጭቶ ይጨርሳል። አንዱን ደብተር ለማስገባት ወር ይፈጅበታል።

«ይኼን ቆርቆሮ እንቀይረው» አላት ሚስቱን አንድ ቅዳሜ፣ ከሆስፒታል ሲመለሱ። ሐኪሙ ያን ዕለት እሷን ኮሪደር ላይ ትንሽ አቆይቷት ነበር። «ምን አለሽ?» ሲላት፣ «ደረጃ አይውጣ፣ ጨው ይቀንስ» አለችው።

የኮምፒውተር መሸጫው ሦስት መንገድ ተሻግሮ፣ ረጅም ደረጃ ላይ ነው። ስለዚህ እሷ ሄደች። ባዶ እጇን ተመለሰች።

«ባለሱቁ አሁን አትግዙ አለ። አዲስ ፕሮሰሰር ሊወጣ ነው። ፍጥነቱ የአሁኑን በእጥፍ ይበልጣል አሉ።»

«መቼ?»

«በሦስት ወር።»

«ሦስት ወርማ ምን አላት! አትግዙ የሚል ነጋዴ ደግሞ ከየት ይገኛል?»

የቀሩትን ደብተሮች በላስቲክ ጠቅልሎ አስቀመጠ። ፈጣኑ እየመጣ በአሮጌው መልፋት ሞኝነት ነው።

ሦስት ወሩ ሞላ። ፋብሪካው ዘገየ ተባለ። ከዚያ ደግሞ ከእሱ የሚሻል ሌላ ሊከተል ነው ተባለ። ቀያሹ ባለሱቁን «ነቢዩ» ብሎ ሰየመው። ቅዳሜ ከሰዓት ወንበሩን ወደ በሩ አዙሮ ሚስቱን ይጠብቃል። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ነቢዩ ምን ተናገረ?» ይላታል።

ሌላ ከተማ የምትሠራው ልጃቸው በየወሩ ትመጣለች።

«አባዬ፣ እኔ ነገውኑ ልግዛልህ። ይኼን ወሬ እኮ የትም አላነበብኩትም።»

«ነጋዴ ከጋዜጣ ቀድሞ ይሰማል።»

«እማዬ፣ አንቺ እንኳን ምናለ ብትነግሪው?»

እናቲቱ ድንች ትልጥ ነበር። «ደስ ካለው ይጠብቅ» አለች ቀና ሳትል።

ቀያሹ መጀመሪያ ወንበሩን ወደ በሩ ማዞር ተወ። ቀጥሎ ወንበሩን ተወ። በመጨረሻ ከአልጋው ሆኖ ቅዳሜን ይጠብቅ ጀመር። ድምፁ ስለደከመ እሷ ጆሮዋን ታስጠጋለች።

«ስንት ቀረን?»

«ሦስት ወር።»

«ደርሰናል በይኛ።»

ሐሙስ ማለዳ ሞተ። አሥራ ሁለቱ ደብተሮች ከላስቲካቸው አልወጡም።

ከቀብሩ በኋላ ልጅቷ እንባዋ ደርቆ ንዴቱ ብቻ ቀራት። «በአሮጌውም ቢሆን እኮ በዓመት ይጨርሰው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ! ያ ባለሱቅ ነው አባዬን የበላው።»

«ተይው ልጄ።»

«አልተወውም። ፊቱ ቆሜ እነግረዋለሁ።»

«እንግዲያው እኔ ልሂድልሽ።»

ልጅቷ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ወጣች። ሦስቱን መንገድ ተሻገረች። ደረጃውን እያለከለከች ወጥታ በሩን ገፋችው። ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ቆሞ የሱሪ ጨርቅ ይቆርጣል።

«ኮምፒውተር ሻጩ የት አለ?»

«እሱማ ለቆ ሄዷል እህቴ። እኔ እንኳን እዚህ ከገባሁ ሦስት ዓመቴ ነው።»

«እንዴት ይሆናል? እናቴ በየቅዳሜው እሱ ጋ ትመጣለች።»

ልብስ ሰፊው መቀሱን አስቀመጠ።

«እሳቸው እናትሽ ናቸው እንዴ? እዚህ እንኳን ገብተው አያውቁም፤ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ለብቻቸው ሲያወሩ ይቆዩና፣ ፊታቸውን ጠርገው ይሄዳሉ።»