ለአንድ የሊኑክስ ተጠቃሚ ሲባል

«ለአንድ ሰው?! ሀኑ፣ ጤነኛ ነሽ ግን? ለአንድ ሰው ብለን እንደገና እንልፋ ነው የምትይው?»

ናትናኤል እየሳቀ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ።

ከታች፣ መኪና ግርግር በሚባለው የሐረር መንገድ፣ የልብስ ሰፊዎች መኪና ይንጫጫል... ከላይ በጠባቧ ክፍል ሁለቱ ጓደኛሞች ይንጫጫሉ።

ሁለት ዓመት የለፉበት የኮምፒውተር ጨዋታ በሦስት ሳምንት ውስጥ ለገበያ ሊወጣ ነው።

ጨዋታው ደስ ይላል። የሐረሪ ቤት ውስጥ ሠርግ አለ፤ እንግዳ ይጎርፋል፤ ተጫዋቹ እያንዳንዱን እንደ ክብሩ በሚገባው ነደባ፣ ማለትም ከፍና ዝቅ ተደርጎ በተሠራ መደብ ላይ ያስቀምጣል።

ለሀናን ግን ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ አልነበረም...

አባቷ ቁርጡን ነግረዋታል። «ይሄ ካልሆነልሽ ድሬዳዋ ባንክ ቤት ትገቢያለሽ። አለቀ!»

የሙከራውን ቅጂ አራት መቶ ሰው በነፃ አውርዶታል። ሁሉም በዊንዶውስ።

አስተያየታቸውስ? የልብ ምልክት... ልብ... «ቆንጆ ነው»... አሁንም ልብ።

አንድ ኢሜይል ብቻ ለየት አለ። ስም የለውም።

«ኮምፒውተሬ አሮጌ ስለሆነ የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ ነው። ለእኔ ዓይነቱም ብታወጡልን?»

ናትናኤል የሳቀው በዚህ ነው።

«ሊኑክስ የሚጠቀመው ከመቶ ሦስት አራት ሰው ነው። እሱም ጨዋታ አይጫወትም፤ ኮምፒውተሩን ሲፈታታ ነው የሚውለው!»

«በእጅ የሚያዙት አዳዲስ ማጫወቻዎችስ? ስንቶቹ በሊኑክስ እንደሚሠሩ ታውቃለህ?»

«ሐረር ውስጥ ማን ይዞ አየሽ?»

«ወላሂ ናቲ፣ የምንሸጠው ለሐረር ብቻ ነው እንዴ? ሦስት ቀን ስጠኝ። ካቃተኝ እተወዋለሁ።»

ሦስት ቀን ያለችው አምስት ሆነ።

ልዋሽላት አልፈልግም፣ ሥራው እንደሚወራለት ቀላል አልነበረም። አንዴ ድምፁ ጠፋ፤ አንዴ እንግዶቹ ሁሉ ግድግዳው ውስጥ ገብተው ቆሙ...

እንደ ምንም ጨርሳ ለዚያ ስም የለሽ ሰው ላከች።

በማግስቱ መልስ መጣ። ልብ የለውም። ቁጥር አለው!

«ቁጥር 1፦ አራተኛው እንግዳ ጫማውን ሳያወልቅ ሌላ ሰው በሩን ካንኳኳ ጨዋታው ይዘጋል። አሥራ አንድ ጊዜ ሞከርኩት፤ አሥራ አንዱንም ጊዜ ተዘግቷል።»

«አላልኩሽም? ሊኑክሱ ነዋ!» አለ ናትናኤል።

ሀናን የራሱን የናትናኤልን ኮምፒውተር ሳበችና ጨዋታውን በዊንዶውስ ከፈተች።

አራተኛው እንግዳ ገባ... በሩ ተንኳኳ...

ድርግም!

ተያዩ።

ማን የት ላይ እንዳቆመ የሚያሳየውን መዝገብ ሲያገላብጡ፣ ከአራት መቶው ሰው ከግማሽ የሚበልጠው የቆመው እዚያችው በር ላይ ነው። አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም! ልቡን ልኮ ሄደ እንጂ።

እንዲህ ሆኖ ለገበያ ቢወጣ ኖሮ ሀናን ባንክ ቤት ገብታ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ «ሰውዬው ጻፈ?» የሚለው ማን ሆነ? ናትናኤል!

«ይሄ ጀርመን የተማረ ኢንጂነር መሆን አለበት» ይላል ደግሞ። አይ አንተ!

ጨዋታው ሊወጣ አራት ቀን ሲቀረው እንዲህ የሚል መጣ።

«ቁጥር 23፦ አዲስ መጤ እንግዳ ሳታውቅ አሚር ነደባ ላይ፣ የቤቱ ጌታ ቦታ ላይ ብትቀመጥ ሁሉም ይቆጣታል፤ ተጫዋቹም ይሸነፋል። ይህ ስህተት ነው። እኔ ባለቤቴ ሐረር ተመድቦ ስንመጣ፣ በሳምንቴ ሠርግ ተጠርቼ ልክ እዚያ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ማንም አላስነሣኝም። የቤቱ ጌታ ራሳቸው በር ጥግ ሄደው ዝቅ ብለው ተቀመጡና ‹ሠርጉ ከዚህ ነው የሚያምረው› አሉ። ጥፋቴን ያወቅሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።»

«ያ ረቢ... እንዴት ደስ ይላል!» አለች ሀናን።

ናትናኤል ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን ሆንክ?»

«ይቺን ታሪክ በየበዓሉ ነው የምሰማት...»

«ከማን?»

«እማዬ ናት!»

ባጃጅ ይዘው ሐኪም ጋራ ሰፈር ወዳለው የናትናኤል እናት ቤት በረሩ።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ወይዘሮ ብዙነሽ፣ ሠላሳ ዓመት የጠፋ ፋይል ሲያስሱ የኖሩት ሴት፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰክተው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ተደፍተዋል። ልጃቸው እስከዛሬ ተከታታይ ድራማ የሚያዩ ነበር የሚመስለው!

«እማዬ! አንቺና ሊኑክስ?!»

«የመሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር ጠጋኝ ሙክታር ነው የጫነልኝ። በፊትማ እስኪከፈት ድረስ ሽንኩርት ከትፌ እጨርስ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«‹ጨዋታችሁን ልሞክርላችሁ› ስልህ ‹አንቺ አይገባሽም› አላልከኝም? ስሜን ብጽፍበት ኖሮ ታነበው ነበር?»

ናትናኤል መሬት መሬት አየ።

ሀናን ግን አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። «እትዬ ብዙነሽ፣ አላህ ያኑርልኝ! ከባንክ ቤት አስጣሉኝ እኮ!»

«ቆይ፣ ቆይ አንቺ ልጅ... ቁጥር 24ን አልጻፍኩም!»

ጨዋታው በቀኑ ወጣ። አሁን እንግዳዋ አሚር ነደባ ላይ ስትቀመጥ የቤቱ ጌታ በር ጥግ ሄደው ይቀመጣሉ። ሰው ሁሉ ለወዳጁ እየላከ የሚያሳየው ይህችን ቦታ ሆነ።

የሀናን አባትም ሦስት ቀን ተጫውተው ጠሯት። «ባንኩ ይቆይ። ሠርጉ ላይ አጎቶችሽ የሉም፤ ምን ይሉናል? ቶሎ ጨምሪያቸው!»

ወገኖቼ... ትንንሽ ጨዋታ ሠሪዎች ለሊኑክስም ያውጡ ባይ ነኝ። ቀን ይበላል፤ ገዢውም ጥቂት ነው፤ አልክድም። ግን «ለእኔም አድርጉልኝ» ብሎ ለምኖ የገባ ሰው ዝም ብሎ አይወጣም። ቤታችሁ የት የት እንደሚያፈስ ቆጥሮ ይነግራችኋል። ይህንን ከአራት መቶ ልብ አታገኙትም።

እስቲ እናንተ ፍረዱ... ሦስት ሳምንት ብቻ ቢቀራችሁ ለአንድ ሰው ብላችሁ አምስት ቀን ትሰጡ ነበር ወይስ እንደ ናትናኤል ትስቁ ነበር?

እውነቱን ጻፉ። እናቶቻችሁም እዚህ አሉ፤ ያነቡታል!