ለአራሷ የተላከች ዶሮ

የነሐሴ ዝናብ ሲወርድ አድሮ፣ ጠዋት አንዲት ሴት ከዶሮዎቿ አንዷን ላባዋን አቁማ፣ ክንፏን ጥላ ስትንቀጠቀጥ አገኘቻት። ሴትዮዋ ዶሮ ጨራሹ ፈንግል መግባቱን ወዲያው አወቀች። ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ በውሃ ጋተቻት፤ ዶሮዋ ግን ለማታ አልደረሰችም።

በማግስቱ ከቀሩት ውስጥ ደህና የምትመስለውን ያዘችና ለጎረቤቷ ለእትዬ ደብሪቱ ወሰደችላቸው፤ ልጃቸው አራስ ነበረች። «ለአራሷ ሾርባ ይሁናት» አለች። መቼም መሞቷ ካልቀረ ምስጋና ታትርፍልኝ ብላ ነው። ምርቃቱን አጎንብሳ ተቀበለች። ሳምንት ሳይሞላ የራሷ ዶሮዎች አለቁ፤ ሰው ሳያይ ከጓሮ ቀበረቻቸው።

አንድ ጠዋት እትዬ ደብሪቱ ቀይ ዶሮ ታቅፈው መጡ። ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም።

«ልጄ፣ በምን አፌ ልንገርሽ። ያቺን የመሰለች ዶሮ ማረዱ ቢያሳሳኝ ከኔዎቹ ጋር ቀላቀልኳት። ለካ እኔ ቤት ፈንግል ገብቶ ኖሯል። ስጦታሽን ገደልኩብሽ። የተረፈችኝ ይቺ ብቻ ናት፤ ምትክ ትሁንሽ።»

«ኧረ እትዬ፣ አይሆንም» አለች፤ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ።

«የሰው ደግነት በልቼ አልቀርም» አሉና ዶሮዋን ሊያስገቡ የዶሮውን ቤት ከፈቱ። ባዶ ነበር። አሮጊቷ ደረታቸውን መቱ።

«ውይ ልጄ፣ ከጓሮሽ የማይጠፉት የኔ ዶሮዎች በሽታውን አምጥተው ያንቺንም ፈጁብሽ?»

ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ ቀይዋን ዶሮ በሁለት እጇ ተቀበለች።