የፈቃዱ ዓይነት

መንግሥት ባሕር ማዶ ልኮ በመምህርነት የሚያሠራው ሰው፣ አገር ቤት የታመሙ እናቱን አይቶ ለመመለስ ሁለት ጊዜ ፈቃድ ጠይቆ፣ «የመምህር ዕረፍት ትምህርት ሲዘጋ ነው» ተብሏል። ሐሙስ ጠዋት ርእሰ መምህሩ ራሳቸው ከክፍል አስጠሩት።

«ፈቃድህ ጸድቋል። ቲኬትህም ተቆርጧል፤ ማታ ትበራለህ።»

«እናቴ ባሰባት እንዴ፣ ጋሼ?»

«ኧረ ተሽሏቸዋል። ናፍቀሃቸው ነው አሉ።»

የእናት ናፍቆት ለካ መንግሥትንም ያራራል ብሎ፣ ደስ እያለው ሊፈርም ጎንበስ አለ። ማንም ያላስጠነቀቃት ጸሐፊ ቅጹን አሳምራ ሞልታዋለች፦ «የፈቃዱ ዓይነት፦ የሐዘን። ሦስት ቀን።»

ፈረመ።

«ሦስቱ ቀን የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ።

ርእሰ መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ካለፈው ማክሰኞ።»